የ12 ሳምንት የመስክ ጥናት ዝግጅት (ማስተርስ፣ አንትሮፖሎጂ)፦ ጥያቄ ማጥበብ፣ ፈቃድ፣ የመስክ ማስታወሻ

ተማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ርእስ «በሞባይል ጥገና ሱቆች ውስጥ ሙያው ከነባሩ ባለሙያ ወደ ለማጁ እንዴት ይተላለፋል?» የሚል ነው። መስክ ላይ የምቆየው 12 ሳምንት ነው። ፕሮፖዛሌ ላይ 10 ሱቅ፣ 25 ሰውና 40 ጥያቄ ያለው ቃለ መጠይቅ አስቀምጬ ነበር። አማካሪዬ «ይህ የመጠይቅ ጥናት እንጂ ኢትኖግራፊ (ከሰዎቹ ጋር ቆይቶ ኑሯቸውንና ሥራቸውን እያዩ የሚጠና) አይደለም» ብለው መለሱልኝ።

ጥያቄውን እስከ ምን ድረስ ላጥብበው? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ምን ምን ሰነድ ይፈልጋል? ከለማጆቹ መካከል ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ቢኖሩስ? የመስክ ማስታወሻስ በትክክል የሚያዘው እንዴት ነው? በዘርፉ ያላችሁ በዝርዝር ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ቀለም_ቀንድ

እህቴ፣ ርእስሽ ጥሩ ነው፤ አትቀይሪው። የጎደለው «እንዴት ይተላለፋል» የሚለው ቃል በዓይን ወደሚታይ ድርጊት አለመውረዱ ነው። ጥግ ይዘሽ ተቀምጠሽ ልታዪው የምትችይውን ጠይቂ። ለማጁ የደንበኛ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲከፍት የሚፈቀድለት መቼ ነው? ፈቃዱ የሚሰጠው በቃል ነው ወይስ ስልኩን ዝም ብሎ በማቀበል? እስከዚያ ድረስ እጁን የሚያፍታታው በምን ላይ ነው? ስክሪን ቢሰነጠቅ ኪሳራው የማን ነው? አንድ ዋና ጥያቄና እንዲህ ያሉ ሦስት ወይም አራት ንዑሳን ጥያቄዎች ይበቁሻል።

ከዚያ ባለ አራት ዓምድ ሠንጠረዥ ሥሪ። በመጀመሪያው ዓምድ ንዑስ ጥያቄውን፣ በሁለተኛው እሱን ለመመለስ የምታዪውን ነገር፣ በሦስተኛው የምታነጋግሪውን ሰው ጻፊ። አራተኛው ዓምድ «ምን ባገኝ ግምቴ ስሕተት ነው እላለሁ?» የሚል ነው። ብዙ ተማሪ አራተኛውን ባዶ ይተወዋል። እሱ ባዶ ከሆነ ግን መስክ የምትወጪው ያመንሽበትን ለማረጋገጥ ነው ማለት ነው፤ ፈታኞችም መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ዓምድ ላይ የምትጽፊው ካጣሽ ደግሞ ጥያቄው ለምልከታ አልበሰለም።

«ተጽዕኖ» የሚለውን ቃል ከርእስሽም ከዓላማሽም አውጪው። ተጽዕኖ ለማለት ተጽዕኖው ያልደረሰበት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል፤ በ12 ሳምንት ምልከታ አታገኚውም።

ክለሳ ድርሳናትሽን በሞባይል ጥገና ላይ በተጻፉ ጥናቶች ብቻ አትገድቢው። አንቺን የሚረዳሽ በልምምድ ስለሚተላለፉ ሙያዎች የተጻፈው ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ዣን ሌቭ በላይቤሪያ የልብስ ሰፊ ለማጆችን ስታጠና ያስተዋለችው አንድ ነገር ለአንቺ በቀጥታ ይሠራል፦ ለማጁ የሚማረው ልብሱ በሚሠራበት ቅደም ተከተል አልነበረም፤ ከመጨረሻው ይጀምር ነበር። መጀመሪያ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ ማጠፍ፣ ቀጥሎ መስፋት፣ በመጨረሻ ጨርቅ መቁረጥ። ቁልፍ ቢጣመም ይፈታል፤ የተሳሳተ ቁርጥ ግን ጨርቁን ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኤቲየን ዌንገር ጋር ያቀረበችው ሐሳብም ለማጅ ከሙያው ዳር ጀምሮ በእውነተኛ ሥራ እየተሳተፈ ወደ መሐል ይገባል የሚል ነው። ወደ ሱቁ ይዘሽው ግቢ። ለማጁ የሚጀምረው ብሎን መልሶ ከማሰር ነው? የመበየጃ ካውያ የሚይዘው መጨረሻ ላይ ነው? ቅደም ተከተሉ ከስሕተት ዋጋ ጋር ይሄዳል ወይስ ከሌላ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከዝምድና? ሦስተኛው ጥያቄ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

10 ሱቅ የሚለውን ሰርዢ። በ10 ሱቅ የምታገኚው ሰላምታና ለእንግዳ የሚነገር መልስ ነው። ሁለት ሱቅ ያዢ፣ አንድ በዘመድ የሚሠራበት፣ አንድ በቅጥር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያፈራረቅሽ እዪያቸው። ከመወሰንሽ በፊት ከ3 እስከ 5 ቀን ለቅኝት መድቢ፤ ሲከፈት፣ እኩለ ቀን ላይና ሲዘጋ፣ በተለያየ ቀን እያየሽ። ለማጅ የሌለበት ወይም መቀመጫ የማይገኝበት ሱቅ የቱንም ያህል ባለቤቱ ደግ ቢሆን ለዚህ ጥናት አይሆንም።

አሻራ

ስለ ሥነ ምግባር ማመልከቻው ልጨምር። ብዙ ጥናት የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው።

ኮሚቴው ማጽደቂያ ከመስጠቱ በፊት የተሰበሰበ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ለጥናቱ አይውልም፤ ወደ ኋላ ተመልሶም አይጸድቅም። ቢያንስ አንድ ጊዜ «አስተካክለሽ መልሺ» እንደምትባዪ አስልተሽ ከመስክ ሁለት ወይም ሦስት ወር ቀደም ብለሽ አስገቢ። የቅኝቱ ቀናት የሚፈቀዱ መሆናቸውንም ጠይቂ። ቦታ ማየትና ባለቤቱን ማነጋገር ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ማስታወሻ መያዝ ከጀመርሽ ግን መረጃ መሰብሰብ ጀምረሻል።

የሚጠየቁት ሰነዶች ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ በመጠኑ ቢለያዩም እነዚህ አይቀሩም፦ ተጠኚዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ የተጻፈ ከአንድ እስከ ሁለት ገጽ የሚሆን ማብራሪያ፣ የስምምነት ቅጽ፣ የቃለ መጠይቅ መምሪያ፣ መረጃው የሚቀመጥበትና የሚወገድበት ዕቅድ፣ የጉዳት ስጋት ግምገማ፣ ከቦታው ባለቤት የተገኘ የፈቃድ ደብዳቤ። ማብራሪያውን ከማስገባትሽ በፊት ከአንትሮፖሎጂ ውጭ ላለ ሰው ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ሰውየው በራሱ አነጋገር መልሶ ሊነግርሽ ካልቻለ እንደገና ጻፊው።

የሱቁ ባለቤት ፈቃድ የለማጆቹ ስምምነት አይደለም። ባለቤቱ «ሁሉም ይተባበሩሻል» ሲል ለማጁ እምቢ የሚልበት መንገድ ተዘጋበት ማለት ነው። እያንዳንዱን ለብቻው፣ ባለቤቱ በሌለበት ጠይቂ። እምቢ ያለውን ሰው ማንነት ለባለቤቱ እንደማትነግሪ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ስምምነት ደግሞ አንዴ ተወስዶ የሚያልቅ አይደለም፤ በሁለተኛው ሳምንት የተስማማ ሰው በሰባተኛው ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ጠብ ስትጠይቂው እንደ አዲስ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የጽሑፍ ፊርማ የግድ ከተባልሽ አንድ ነገር አንሺ፦ አንዳንዴ ሰውየውን ከጥናቱ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ወረቀት ያ ፊርማ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ በቃል የሚሰጥ ስምምነት እንዲፈቀድ ምክንያቱን ጽፈሽ ጠይቂ፤ የምትናገሪውን ቃል በቃል አያይዢ፤ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቢ።

ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ እና የልጁ የራሱ እሺታ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «አዋቂዎችን ብቻ አጠናለሁ» ማለትም ይቻላል፤ ግን ልጆቹ ከክፍሉ አይወጡም። ስለዚህ ስለ እነሱ ምን እንደምትጽፊ ማመልከቻው ላይ ግልጽ አድርጊ። «ድርጊታቸውን አልመዘግብም» ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ አትመዝግቢ።

አንቺ ያላነሳሽው፣ በዚህ ርእስ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ የደንበኛው ስልክ ነው። ጥገና ላይ ያለ ስልክ የይለፍ ቃሉ ተነግሯል፣ ፎቶውና መልእክቱ ተከፍቷል። ደንበኛው ስምምነት ለባለሙያው ሰጠ እንጂ ለአንቺ አልሰጠም። የበራ ስክሪን ፊት ለፊት አትቀመጪ። ስክሪን የሚታይበት ፎቶ አታንሺ። «እዚህ ጥናት እየተካሄደ ነው» የሚል ግማሽ ገጽ ማስታወቂያ ለደንበኛው በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። የተሰረቀ የሚመስል ስልክ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ የሚለውን ከአማካሪሽ ጋር ተነጋግረሽ አሁኑኑ ወስኚ። «ማንም አያውቀውም» ብለሽ ፍጹም ቃል አትግቢ፤ በብዙ አገር የአጥኚ ማስታወሻ እንደ ጠበቃና ደንበኛ ምስጢር በሕግ አይጠበቅም። «ሕግ ካላስገደደኝ በቀር» የሚለው ሐረግ ማብራሪያው ውስጥ ይግባ።

የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣቸው የሙያ መርሆች ሰባት ናቸው፤ የመጀመሪያው «ጉዳት አታድርስ» ነው። አዘጋጆቹ ያስቀደሙት በከንቱ አይደለም። ማመልከቻሽን ስትጽፊ «ይህ ሰው በእኔ ምክንያት ሥራውን ሊያጣ የሚችለው በየትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?» እያልሽ አንብቢው።

ብራና

በማስታወሻው ላይ እኔ ልሂድ። በኢትኖግራፊ መረጃው ማስታወሻው ነው። አይተሽ ያልጻፍሽው ነገር ከሦስት ወር በኋላ የለም።

ሁለት ደረጃ አለው። ሱቁ ውስጥ እያለሽ በኪስ ደብተር ቁልፍ ቃል፣ የሰዓት ምልክትና ቃል በቃል የተነገረ አጭር ንግግር ብቻ ትይዣለሽ። ማታ ደግሞ ሙሉውን ትጽፊያለሽ፤ ሳይተኛ፣ ለማንም ሳይወራ። መጀመሪያ ለጓደኛ ካወራሽው የምትጽፊው ያየሽውን ሳይሆን ያወራሽውን ይሆናል። ለአንድ ሰዓት ምልከታ ቢያንስ አንድ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዓት መጻፊያ ያዢ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በላይ ሱቅ ውስጥ አትቆዪ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ማታ ደክሞት ግማሽ ገጽ የሚጽፍ አጥኚ ከሁለት ሰዓት ተቀማጭ ያነሰ መረጃ ነው ያለው።

የእያንዳንዱ ቀን ገጽ ራስጌ ላይ ቀን፣ የገባሽበትና የወጣሽበት ሰዓት፣ ቦታ፣ የነበሩት ሰዎች በኮድ ይቀመጡ። ከዚያ አራት ነገር ለያይተሽ ጻፊ፦ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የመሰለኝ፣ ነገ የማጣራው። ቃል በቃል ለተነገረውና አንቺ በራስሽ አባባል ላሳጠርሽው የተለያየ የጥቅስ ምልክት ተጠቀሚ፤ በኋላ ጥናቱ ላይ ስትጠቅሺ የትኛው የሰውየው ቃል እንደሆነ የምታውቂው በዚያ ነው።

የደካማ ማስታወሻ ምሳሌ፦ «ባለሙያው ለማጁን ተቆጣው።» ይህ ፍርድ ነው። እንዲህ ጻፊው («ለ» ለማጅ፣ «ባ» ባለሙያ ማለት ነው)፦ «5፡40። ለ2 አራተኛውን ብሎን ሲያስገባ መፍቻው አንሸራተተው። ባ1 ምንም ሳይናገር ስልኩን ከእጁ ወሰደ፣ ብሎኑን አወጣ፣ ርዝመቱን ከሌላው ጋር አስተያየ፣ ሌላ ብሎን አስገባ፣ መልሶ ሰጠው። ለ2 ቀና አላለም። ከኋላ ያለው ለ3 አንገቱን አስግጎ ያያል።» አሁን የተማረው ለ2 ብቻ እንዳልሆነ፣ ትምህርቱም ያለ ቃል እንደተሰጠ ማሳየት ትችያለሽ። «ተቆጣው» ከሚለው ግን ይህ በምንም አይወጣም።

አንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ለመስክ ሠራተኛ ካስቀመጣቸው ሦስት የመረጃ ዓይነቶች አንዱን ተማሪዎች ይዘነጉታል። የዕለት ተዕለቱን ኑሮ ይጽፋሉ፣ የሰዎችን አነጋገር ይሰበስባሉ፤ ቆጠራውንና ካርታውን ግን ይተዉታል። በመጀመሪያው ሳምንት የሱቁን ንድፍ በልኬት ሥሪ፦ ማን የት ይቀመጣል፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ ማይክሮስኮፑ ማን እጅ ሥር ነው፣ ለማጁ ከተቀመጠበት የባለሙያውን እጅ ማየት ይችላል ወይስ አይችልም። በየሁለት ሳምንቱ ድገሚው፤ የወንበር ለውጥ የደረጃ ለውጥ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ በቀን ለሁለት ሰዓት በየ15 ደቂቃው እያንዳንዱ ሰው በዚያች ቅጽበት የሚሠራውን በአንድ ቃል መዝግቢ። በቀን በአንድ ሰው 8 ምዝገባ፣ በ20 ቀን 160 ይሆናል። «ለማጁ ጊዜውን የሚያጠፋው በመላላክ ነው» ብሎ በድፍረት ለመጻፍ የሚያበቃው ይህ ነው።

ስለ ድምፅ ቅጂ፦ ባልታመቀ የዌቭ (WAV) ፋይል፣ በአንድ ቻናል፣ 44.1 ኪሎ ኸርዝና 16 ቢት ከቀዳሽ አንድ ሰዓት ወደ 320 ሜጋባይት ይወስዳል። መቅጃውን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን አታስቀምጪ፤ መፍቻ በተቀመጠ ቁጥር ንዝረቱ ንግግሩን ይሸፍነዋል። ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ አድርጊ። የሙቅ አየር መንፊያው ሲሠራ አትቅጂ። በስልክ የምትቀጂ ከሆነ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጊው፤ ጥሪ ሲገባ ቅጂው ሊቋረጥ ይችላል። ሁልጊዜ 2 ደቂቃ ቀድተሽ በጆሮ ማዳመጫ ስሚ፤ ከዚያ ጀምሪ።

አንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ሦስት ሰው እየተቋረጠ የሚናገርበት ከዚያም ይበልጣል፤ ትርጉም ካለው ሌላ ጊዜ ይጨመራል። 25 ሰው በአንድ አንድ ሰዓት ብትቀጂ ከ100 እስከ 150 ሰዓት ግልበጣ ይጠብቅሻል። ፕሮፖዛልሽ ላይ ለዚህ ጊዜ ተይዟል?

መረጃው በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከምታድሪበት ውጭ ይቀመጥ። ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ግን ከማስታወሻው ጋር በአንድ ቦታ በፍጹም አይቀመጥም፤ በይለፍ ቃል ተመስጥሮ ለብቻው ይሁን። የኪስ ደብተሩ ላይም ስም አይጻፍ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

ተማሪዋ

በጣም አመሰግናለሁ፤ ሦስታችሁም ያላሰብኩትን ነው ያሳያችሁኝ። ለግልበጣ ጊዜ አልያዝኩም ነበር። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ 40ውን ጥያቄ ምን ላድርገው? ደግሞስ ባለሙያው ድምፁ እንዲቀዳ ባይፈቅድ? ስንት ሰው ማነጋገር እንዳለብኝም ፈታኞች መጠየቃቸው አይቀርም።

ማኅደር

40ውን ከ6 እስከ 8 ርእሰ ጉዳይ ሰብስቢውና የቀረውን ለራስሽ ማስታወሻ አድርጊው። በቃለ መጠይቅ መምሪያ ላይ የሚቀመጠው መነሻ ጥያቄና ከሥሩ የማትረሺው ነጥብ ነው። «ሙያውን እንዴት ተማርክ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ የምታገኚው «በማየት» የሚል አንድ ቃል ነው። «ትናንት ሱቁ ከተከፈተ እስኪዘጋ የሠራኸውን በቅደም ተከተል ንገረኝ» በዪ። ከዚያ አንዱን ስልክ ትይዢና ወደ ውስጥ ትገቢያለሽ፦ ማን ተቀበለው፣ ማን ከፈተው፣ ብልሽቱን ማን አወቀ፣ በምን አወቀ። እጅ የሚያውቀውን አፍ ብዙ ጊዜ መናገር ያቅተዋል። ስለዚህ የሞተ ስልክ እጁ ላይ አድርጊና እየፈታ ይንገርሽ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማይመጣለት ሁሉ ይመጣለታል። «ለምን?» የሚለውን ጥያቄም ቀንሺ፤ ሰውየው ምክንያት ፈጥሮ እንዲሰጥሽ ያስገድደዋል። «ከዚያስ?» እና «ባይሆን ኖሮስ?» የተሻለ ይሠራሉ።

መቅዳት ካልፈቀደ አትጨቅጭቂው። ቃለ መጠይቁን ከ40 ደቂቃ አታሳልፊ፣ ቁልፍ ቃል ብቻ ያዢ፣ እንደወጣሽ ለሌላ ሰው ሳትናገሪ የምትቀመጪበት ቦታ አስቀድመሽ አዘጋጂና ጻፊ። ዋና ዋናውን በሚቀጥለው ቀን አንብቢለት። ያርምሻል፤ እርማቱ ራሱ አዲስ መረጃ ነው።

ስለ ቁጥሩ፦ ጌስት፣ በንስና ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት በ60 ቃለ መጠይቆች ውስጥ አብዛኛው ጭብጥ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ መገኘቱን አሳይተዋል። ተማሪዎች «12 ይበቃል» እያሉ ይጠቅሱታል፤ ተጠኚዎቹ ግን ተመሳሳይ ዓይነት ሰዎች ነበሩ፣ የተጠየቁትም ወጥ የሆነ ጥያቄ ነው። ለአንቺ ተገቢው መከራከሪያ ሌላ ነው። በሁለት ሱቅ ያሉት ሠራተኞች 8 ወይም 10 ቢሆኑ ሁሉንም ትወስጃለሽ፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ታነጋግሪያለሽ፤ በመጀመሪያው ሱቅ ያሉትን አንዴ በአራተኛው ሳምንት ገደማ፣ አንዴ በአሥረኛው፤ በሁለተኛው ሱቅ ያሉትን አንዴ እንደገባሽ፣ አንዴ ወደ መጨረሻው። ሙያ ሲተላለፍ የሚታየው በሁለቱ መልሶች መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። ከእነሱ በተጨማሪ ሙያውን ጀምረው የተዉ ሦስት አራት ሰዎች ፈልጊ። ሱቅ ውስጥ ያሉት የተሳካላቸው ብቻ ስለሆኑ እነሱን ብቻ ያጠና ሰው ሥርዓቱ ሁሉንም የሚያስተምር ይመስለዋል።

ከቀለም_ቀንድ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ሁለቱን ሱቆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማፈራረቅ 12 ሳምንቱን ይበላዋል፤ በሁለቱም እንግዳ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። የመጀመሪያዎቹን 5 ሳምንታት በአንዱ ሱቅ ብቻ አሳልፊ። ሁለት ሳምንት ንድፍና ምልከታ፣ ቃለ መጠይቅ ከሦስተኛው በኋላ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ለ3 ቀን ከመስክ ውጪ፤ ማስታወሻሽን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ አንብቢ፤ የሚደጋገመውን፣ የሚቃረነውንና ምንም ያልጻፍሽበትን ለይተሽ ከ3 እስከ 5 ገጽ ለአማካሪሽ ላኪ። የዚህን ዕረፍት ጥቅም ያልተረዳ ተማሪ መረጃው ጎደሎ መሆኑን የሚያውቀው ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሱቁ ሩቅ ነው። ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ሁለተኛውን ሱቅ የምትገቢበት አሁን በጠበበው ጥያቄ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግምትሽን የሚያፈርስ ነገር ለመፈለግ፣ ለሁለተኛው ዙር ቃለ መጠይቅ ማጠቃለያና ለስንብት። የምትሄጂበትን ቀን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሪያቸው።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቀረበሽ ተናጋሪ ሰው ብዙ ጊዜ በሌሎቹ ዘንድ ዳር ላይ ያለ ነው፤ ከእሱ ጋር ብቻ ከታየሽ ሌሎቹ ይርቁሻል። ወይም ከባለቤቱ ጎን ሁሌ ትቀመጪና ለማጆቹ የእሱ ጆሮ ያደርጉሻል። የመቀመጫሽን ቦታ በየቀኑ ቀይሪ። ባዶ እጅሽን ከመቀመጥ ብሎን በዓይነት መለየትን የመሰለ ትንሽ ሥራ ጠይቂ፤ እየተማርሽ ማየት ጥናትሽን ያጠልቀዋል። የደንበኛ ስልክ ግን አትክፈቺ፤ ቢበላሽ ኪሳራው ላስገባሽ ሰው ነው የሚተርፈው። ሱቁ ሊዘጋ ወይም ባለቤቱ ሐሳቡን ሊቀይር ስለሚችል ሦስተኛ ሱቅ በመጠባበቂያነት ማመልከቻው ላይ ይግባ።

ቀለም_ቀንድ

የማኅደር የጊዜ አደራደር ከእኔ ይሻላል፤ እቀበለዋለሁ። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ ሁለተኛውን ሱቅ እስከ ሰባተኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ አትተዪው። በሳምንት አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት ሰላም ለማለት ብቅ በዪ፣ ማስታወሻ ሳትይዢ። በሰባተኛው ሳምንት ስትገቢ አዲስ ሰው አትሆኚም።

አሻራ

ሰላም ለማለት ብቅ ማለቱም ቢሆን አጥኚ መሆንሽን ከመጀመሪያው ቀን ከነገርሻቸው በኋላ ይሁን። «እንግዳ መስላ ስትመላለስ ለካ እኛን ልታጠና ነው» ከተባለ ያንን ሱቅ አጥተሽዋል።

ብራና

ተማሪዋ፣ ፕሮፖዛሉን መልሰሽ ከማስገባትሽ በፊት አንድ ልምምድ፦ ከጥናቱ ጋር በማይገናኝ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ቦታ 30 ደቂቃ ተቀመጪ፣ ማታ ሙሉ ማስታወሻ ጻፊ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀብሽ ቁጠሪ። በጊዜ ሠሌዳሽ ላይ የምታስገቢው የመጻፊያ ሰዓት ያ ቁጥር ይሁን። ገጾቹንም ለአማካሪሽ አሳዪ፤ «ተቆጣው» ዓይነት ዓረፍተ ነገሮችሽን መስክ ሳትወጪ ያስመልክቱሻል።